በሌላ ስልክ ላይ የተከፈቱ ገጾች

ሥራ የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጅጅጋ፣ ጋሽ ከድር ስልክ ቤት ነው። ጋሽ ከድር በወጣትነታቸው ከቡታጅራ መጥተው እዚሁ ሱቅ ያቀኑ ነጋዴ ናቸው። ኮፍያ ከራሳቸው አይወርድም። በመጀመሪያው ቀን ከባንኮኒው ጀርባ አቆሙኝና «ስልክ መሸጥ የእኔ፣ ስልክ መክፈት ያንቺ» አሉኝ።

ስልክ መክፈት ማለት አዲሱን ስልክ ከካርቶኑ አውጥቶ ለሥራ ማዘጋጀት ነው። ሲም ይገባል፣ ቋንቋ ይመረጣል፣ ሰዓት ይስተካከላል፣ ከዚያ በኢሜይል አካውንት ይገባበታል። አካውንት የሌለው ስልክ አፕ አያወርድም። ደንበኛው ደግሞ ኢሜይል የለውም፣ ሚኒባሱም ሊሄድበት ነው። ስለዚህ ጋሽ ከድር በሁሉም ስልክ ላይ አንድ አካውንት ያስገቡ ነበር፤ የሱቁን።

«ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ላውጣለት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ስታወጪ ትውያለሽ። ፓስወርዱን ረስቶት ነገ አንቺኑ ይጠይቅሻል። የሱቁን አስገቢ፣ ስልኩን በባለቤቱና በከተማው ስም ሰይሚ፣ የኮንታክት ሲንኩን አጥፊ።»

ስሙ የሚሰጠው ስልክ ሲጠፋ ከሱቁ ኮምፒውተር ለመፈለግ ነው። የአንዱን ስልክ ቁጥሮች ወደ ሌላው የሚያሻግረው የኮንታክቱ ሲንክ የሚጠፋው ደግሞ ከእኔ በፊት በደረሰ ጉድ ነው። የደንበኞች ቁጥር ሁሉ ተቀላቅሎ፣ ቱሊ ጉሌድ ከተማ የሚኖር የአንድ ግመል ነጋዴ ስልክ ውስጥ የማያውቃቸው ሴቶች ስም ተሞልቶ፣ ሚስቱ ሱቁ ድረስ መጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺን ማብሪያ ማንም አይረሳትም። ብራውዘሩ የራሱ ሲንክ እንዳለው ግን ልብ ያለ አልነበረም።

እኔ ረግቼ መቀመጥ አልችልም። አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ ጅጅጋን ካየ በኋላ ንቅንቅ አላለም፣ አባቴም እንደዚያው፤ የማንን እንደወሰድኩ እናቴ እስከዛሬ ይገርማታል። ገጽ ሲከፈት የምትዞረዋ ክብ እንኳ ታበሳጨኛለች። ምናልባት ሥራው የወሰደኝ ለዚህ ይሆናል፤ የሚያቁነጠንጥ ሥራ ነው።

በዚያን ጊዜ ብዙው ደንበኛ ከአዝራር ስልክ የሚሸጋገር ነበር። የአዝራር ስልኩ ብራውዘር ገጹን ጨምቆ፣ ፎቶውን አደብዝዞ ስለሚያመጣ ካርድ አይበላም። የአዲሱ ግን ሁሉንም እንዳለ ይጎትታል። «ካርዴን ጨረሰብኝ» ብሎ ለሚመጣ ዳታ መቆጠቢያውን አበራለት ነበር፤ በኋላ በአንዱ አዲስ ስሪት ማብሪያው ራሱ ቀረ። ኔትወርክ ለሚደክምባቸው ገጽ አውርዶ ማስቀመጥን አሳየሁ። የቢሮ ቅጽ በስልክ አልከፈት ሲል እንደ ኮምፒውተር እንዲያሳይ ማድረግን አሳየሁ። ጋሽ ከድር ታብ መዝጋት የሚባል ነገር ስለማያውቁ፣ ታባቸው መቶ ሲሞላ ቁጥሩ ጠፍቶ በቦታው የሚስቅ ፊት መጣ። «ይሄ ዕቃ በእኔ ነው የሚስቀው?» አሉኝ።

አንድ ቀን በሱቁ ኮምፒውተር የተዘጋ ገጽ ስፈልግ፣ «ከሌሎች መሣሪያዎች» የሚለውን ነካሁት። የደንበኞቻችን ስም ተደረደረ። ከእያንዳንዱ ስም ሥር በስልኩ ላይ የከፈተው ገጽ አለ። የጂዳ ቪዛ። የዶላር ምንዛሪ። የግመል ሳል። ኳስ። እንደገና ቪዛ። ከተማው በሙሉ ሻንጣውን ይዞ የቆመ መሰለኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኛ ጋ ያወጣው ብራውዘር ነው። መዝጋት ነበረብኝ፣ ዓይኔ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«ሆዳን ሐርተሼክ» ከሚለው ሥር ሦስት ገጾች ነበሩ። ሦስቱም በሶማሊኛ፣ ሦስቱም ጡት ላይ ስለሚወጣ እብጠት። ሆዳንን አውቃታለሁ፤ ሐርተሼክ ከተማ ላይ ዲራ፣ የሶማሊ ሴቶችን ስስ ቀሚስ፣ የምትሸጥ የእኔ እኩያ ናት። ደምበል ወረዳ ላይ ሹፌር ከሆነው ባሏ ከማሃድ ጋር መጥተው በአንድ ቀን ሁለት ስልክ ገዝተው ነበር። ገጾቹ በማግስቱም አልተዘጉም፣ በሦስተኛውም ቀን እዚያው ነበሩ። ይህን የማየው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሲገባኝ እንቅልፍ አጣሁ። ከእኛ ስልክ የገዛ ጎረቤቷ ሁሉ ያችኑ ቦታ ቢነካ የሆዳንን ጭንቀት ያነበዋል።

ለጋሽ ከድር ነገርኳቸው። «ስንት ዓመት የሠራነውን አሁን ልናፈርሰው ነው? ተይው፣ ማን ያየዋል?» አሉ።

ኮምፒውተሩን አዞርኩላቸው። «ከድር ጅጅጋ» ከሚለው ሥር የራስ በራ ማጥፊያ ቅባት የሚሸጥባቸው ገጾች ተሰልፈዋል። ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡት።

«ይሄን ማን ማን ያያል?»

«ከእኛ የገዛ ሁሉ።»

«ከነገ ጀምሪ» አሉኝ። «ከእኔ።»

ከኮምፒውተሩ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማስወጣት ይቻል ነበር። ግን የተቀመጠ ፓስወርድ ይጠፋል፣ አፕ ማውረድ ይቆማል፣ ሰውም ተዘረፍኩ ብሎ ሱቁን ይከባል። ስለዚህ ሥራው ስልክ በስልክ ነው፤ ለባለቤቱ አዲስ አካውንት ማውጣት፣ የሚፈልገውን ማሻገር፣ ከዚያ የሱቁን ማንሳት። ጋሽ ከድር «ቱሊ ጉሌድን አስቀድሚ» አሉ። እሺ ብዬ ሐርተሼክ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ከሹፌሩም ከረዳቱም ጋር ተጨቃጨቅኩ።

ሆዳን ሱቋ ውስጥ ዲራ እያጠፈች ነበር። «አባዮ፣ በሰላም ነው?» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው። ገበያተኞቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ።

«ሆዳን፣ በስልክሽ የምትከፍቺው ገጽ በሌላ ሰው ስልክ ይታያል። ልዘጋልሽ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ» አለች።

ስልኩን ልቀበል የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ።

«እኔም የማሃድን አያለሁ» አለች። «ደምበል ሆኖ የጎማ ዋጋ ያያል፣ ኳስ ያያል። ሲደውል ‹ደህና ነሽ? እኔ ደህና› ብሎ ይዘጋል። ወላሂ፣ ከሚያወራኝ ይልቅ የሚያነበው ብዙ ይነግረኛል። እብጠቱን ያገኘሁ ጊዜ መናገር አቃተኝ። በስልክ እንዴት ይባላል? ገጹን ከፈትኩና ተውኩት። አንድ ጠዋት ያው ገጽ በእሱ ስም ሥር ተከፍቶ አገኘሁት። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ጅጅጋ ያሉ ሐኪም ቤቶች። ኳሱም ጎማውም ጠፉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጣ። ‹ልበሺ፣ ጅጅጋ እንሂድ› አለኝ። ናሙና ወስደው ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ልከዋል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። እሱ ሥራው ላይ ተመልሷል። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ምን እንደከፈተ ነው። ፈርቶ እንደሆነ በከፈተው አውቃለሁ።»

«ሌላውም ሰው ያያል እኮ።»

«አሳፍሮኛል። ሌላ መንገድ ግን አልነበረኝም።» ስልኳን ደረቷ ላይ ያዘችው። «አንቺ ከዘጋሽው በምን አውቃለሁ?»

እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳላስበው ረግቼ የተቀመጥኩባት ቀን ያቺ ናት። ቀናሁባትም፤ እኔን እንደዚያ የሚያነበኝ ሰው የለም።

«ለሁለታችሁ ብቻ የሚሆን አንድ አካውንት ላውጣ?» አልኳት በመጨረሻ። ፓስወርዱን ራሷ ጻፈች፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ለማሃድ ደውላ ነገረችው። ከሰላምታ ያለፈ ወሬ በስልክ ሲያወሩ ያ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ደምበል ሄድኩ። ማሃድ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ረጅም ነው፤ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። የሱቁን አካውንት አነሳሁ። አዲሱን ራሱ በአንድ ጣቱ ቀስ እያለ አስገባው። ከዚያ ያን ሁሉ ስም ያሰልፍ የነበረው ቦታ ላይ አንድ ስም ብቻ ቀረ።

«የእሷ ይታያል?» አለኝ።

«የእሷ ብቻ። ያንተም ለእሷ ብቻ።»

ከስሟ ሥር አንድ አዲስ ገጽ ተከፍቶ ነበር። የእብጠት አይደለም፤ የመኪና ጎማ ዋጋ ነው። ማሃድ ረጅም ጊዜ አየው። «ጎማ» አለና ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። እኔ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ፣ መንገድ ላይም አለቀስኩ።

ቱሊ ጉሌድንና የቀሩትን ከተሞች አዳረስኩ። ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ ስሞቹ እየጠፉ ሄዱ፣ የሆዳን ከሁሉ በፊት። የምርመራዋን መልስ የማውቅበትን በር የዘጋሁት እኔው ነኝ። ልደውል አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። እንደዚያ ስቁነጠነጥ ከረምኩ።

አንድ ቀን ማሃድ የተሰበረ ስክሪን ሊያስቀይር መጣ፤ ሆዳን አብራው ነበረች። ሳልጠይቃት «እብጠቱን አወጡልኝ፣ ክፉ አይደለም አሉ» አለችኝ። ስክሪኑን የሚቀይረው ባልደረባዬ ስልኩን አይቶ «የሁለታችሁ ስልክ በአንድ አካውንት ነው፣ ልለያያቸው?» አለ።

«ጠይቃቸው» አልኩት።

ጠየቃቸው። ማሃድ «አይሆንም» አለ።

ዛሬ ስልክ መክፈቱን የምመራው እኔ ነኝ። ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው ይህን ነው፤ ለባለቤቱ የራሱን አካውንት አውጣ። ተያይዞ ያገኘኸውን ግን ሳትጠይቅ አትለይ።