በሃምሳው ቀን የጾመው ሙሽራ

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ሽማግሌ ልኬ፣ ሞላሌ ያሉት የልጅቷ ቤተሰቦች እሺ ካሉ በኋላ አክስቷ እጮኛዬንና እኔን ጎን ለጎን አቁመው በስልካቸው አነሱን። ወደምኖርበት ወደ መሐል ሜዳ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ፎቶውን ከፈትኩት። እሷ ፈገግ ብላ ቆማለች። ከጎኗ ሆዴ አለ። ከሆዴ ኋላ ደግሞ እኔ አለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሸሚዞቼ ሲታጠቡ የሚያጥሩ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መምህር ነኝ፤ ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ከታረቅኩ ቆይቷል። እሺ ያለችኝ ሴት ይህን ሆድ ልብ ብላ ካየችው ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ፈራሁ። የምር ፈራሁ። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ነበር።

ሁዳዴ እየገባ ስለነበር ደስ አለኝ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ጾሙ ራሱ ያከሳኛል ብዬ ተማመንኩ። ሞኝ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ስገባ በዘይት የዋኘ ሽሮ አለ፤ ፓስታ በስጎ አለ፤ ድንች ወጥ ከነዳቦው አለ። የሆድ ማስታገሻ ብዬ ደግሞ ቦምቦሊኖ በሻይ እጨምርበታለሁ፤ ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር። ሁዳዴ ሲጋመስ ቀበቶዬ ወደ ውጭ አንድ ቀዳዳ ሄደ።

ጤና ጣቢያ የሚሠራ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩበት። አስቀመጠኝና የሚበላና የማይበላውን ለየልኝ። ስኳሩን ተው፣ ለስላሳና ጠላውን ተው፣ ውኃ ጠጣ፤ ጎመን ብላ፣ ባቄላ ብላ፣ ቂንጬ ያለ ዘይት ብላ አለኝ። ቆሎ ከፈለግህ ግን አንድ እፍኝ ብቻ።

"በማን እፍኝ?" አልኩት። የሱ እጅ የሕፃን እጅ ታክላለች፤ የኔ አካፋ ናት።

"በኔ" አለኝ፣ ያለ ምንም ርኅራኄ።

ስኳር የሌለውን ሻይ መጀመሪያ ስቀምሰው በርኖስ የታጠበበት ውኃ መሰለኝ። የመንዝ የጠዋት ውኃ ደግሞ እንኳን ሊጠጣ ፊት ሊታጠቡበትም ያስለቅሳል። ቢሆንም ጨከንኩ። በሳምንቱ ግን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሻዩ ጣመኝ! ለካ ሻይ ውስጥ ቀረፋ ነበረ። ያን ሁሉ ዓመት ከስኳር በቀር ምንም አልቀመስኩም ማለት ነው። ቂንጬውም ገብስ ገብስ አለኝ። ለማገኘው ሰው ሁሉ ስለ ቀረፋ ስናገር ሰነበትኩ፤ ሰዎች ከኔ መራቅ የጀመሩት ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ፤ አከራዬም መጡ። አከራዬ ባልቴት ናቸው፤ እኔን ሳያበሉ ያደሩበትን ቀን አላስታውስም። በትሪው ላይ ዶሮው፣ አይቡ፣ የበጉ ጥብስ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ጠላ በማሰሮ።

"በቃኝ፣ እማማ።"

"ምን በቃኝ ይላል! ገና መቼ ቀመስክና!"

"ትንሽ ልቀንስ ብዬ ነው።"

"ምኑን?"

"ሥጋዬን።"

"ሙሽራ ሊከሳ! ሰው ምን ይለናል? አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!" ጉርሻቸው ቡጢ ያክላል። ዋጥኩት።

በማግስቱ "ሐኪም ከልክሎኛል" አልኳቸው። ያ የባሰ ሆነ። እንባቸው መጣ፤ ከሰዓት በኋላ ጸበል በጄሪካን አሸክመው መጡ፤ ለታመመ ሰው ደግሞ ጥሩ ነው ብለው በቅቤ የታሸ በሶ ጨመሩበት። እሱንም በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ትሪው ሲቀርብ አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ። "እማማ፣ የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኛል። ፍስክ አልበላም፤ ጠላም አልጠጣም።"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አማተቡ። ጉርሻውን ቀስ ብለው ወደ ትሪው መለሱት። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጉርሻ ሲመለስ አየሁ።

ያን ቃል ማግኘት ምን ያህል እንዳሰከረኝ መናገር አልችልም። ቀኖና በሰውየውና በንስሐ አባቱ መካከል ያለ ነገር ነው፤ ምን አጠፋህ ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ ሰው የለም። መምህራን ክበብ ውስጥ ጥብስ ሲመጣ፣ ቀኖና። ማኅበር ተጠርቼ ብርሌ ሲዘረጋልኝ፣ ቀኖና። ጎመኔን በግማሽ እንጀራ በልቼ፣ ውኃዬን ጠጥቼ፣ ማንም ሳይለምነኝ እነሳለሁ። በሁለት ሳምንት ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። መስታወት ፊት ጎኔን አዙሬ እያየሁ ብቻዬን እስቅ ነበር።

የዘነጋሁት ነገር በዓለ ሃምሳ መሆኑን ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ አይሰገድም። አገር ሁሉ በሚፈስክበት ሰሞን አንድ ሰው ብቻውን ሲጾም ምን ይባላል? "ጌታ ተነሥቶም ያልተነሣለት ኃጢአት ምን ቢሆን ነው?" ተባለ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱኝ የሚውሉት የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ከሩቅ እጅ ነሥተውኝ ማለፍ ጀመሩ። ክበብ ውስጥ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። እኔ ደግሞ የመክሳቴ ግርማ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ!

ሐሙስ ቀን እጮኛዬ ደወለች። "አባባ ቅዳሜ ይምጣ ብለዋል።"

"ምነው፣ ደህና?"

"ና ብቻ" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

አባቷ ቄስ ናቸው፤ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ሲቆጡም ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው። ቅዳሜ ሞላሌ ስደርስ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ ሁለቱም ሰዎች ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። እጮኛዬ እጅ ስታስታጥበኝም አላየችኝም። ዓይኗ አብጦ ነበር።

ትሪው መጣ። ቅቤው ዳር እስከ ዳር የተንጣለለ ዶሮ ወጥ። ቄሱ ባረኩና "በል፣ ልጄ" አሉኝ። የሌላው ሰው እጅ ሁሉ ቆሞ የኔን እጅ ያያል። ገባኝ። ብበላ ውሸታም ነኝ፤ ባልበላ ጉድ ያለብኝ ኃጢአተኛ። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ርቦኛል።

"አባቴ" አልኩ፣ "ቀኖና የለብኝም።"

"አውቃለሁ" አሉ። "በሃምሳው ቀን ጾም የሚያዝ ካህን እኔ አላውቅም። ካህን ካልሰጠህ ግን ራስህ ላይ የጣልከው ነገር አለ። ሰው ገድሎ ነው የሚልም አለ፤ መርሐቤቴ ሲያስተምር ሚስትና ሦስት ልጅ ጥሎ የመጣ ነው የሚልም አለ። ልጄን ከመስጠቴ በፊት ከአፍህ ልስማው። የምትደብቀው ምንድን ነው?"

ከዚህ የተሻለ መልስ ቢኖረኝ በወደድኩ። "ሆዴን ነው፣ አባቴ" አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ፤ ፎቶውን፣ ቦምቦሊኖውን፣ እፍኙን፣ ቀረፋው እንኳ አልቀረኝም። ስለ ቀረፋው ስደርስ ከመጋረጃው ጀርባ እናትየው ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ቤቱ በሳቅ ተናጠ። ቄሱ ብቻ አልሳቁም፤ ጢማቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"የንስሐን ስም ለቀበቶ ብለው አይጠሩም" አሉኝ። "ሂድና ለንስሐ አባትህ ተናገር። ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ እውነተኛው ይሰጥሃል፤ ስግደቱም አይቀርልህ። እስከዚያ ግን ብላ፣ በዓል ነው።" በላሁ። እንዴት አድርጌ እንደበላሁ ከዚያ ቤት ማንም የረሳው የለም።

እጮኛዬ እስከ መናኸሪያው ልትሸኘኝ ወጣች። ጥቂት እንደሄድን ሳቋ መጣባት፤ የሰው አጥር ተደግፋ እስኪያማት ድረስ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ሲበርድልን እንደ ቀልድ አድርጌ ጠየቅኳት፤ ያን ሁሉ ወሬ ስትሰማ ምን አለች?

"አባባ ቃላችንን እንመልስ አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው።"

"ገድሏል እየተባለ?"

"ገድሎም ቢሆን ከነኃጢአቱ ነው የማገባው አልኩ። ሚስት አለችው የሚለውን ግን አላመንኩም፤ ሚስት ቢኖርህ ሸሚዝህ እንደዚያ አይተኮስም። ልጆቹን ነው ያመንኩት።"

"እና?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ነጠላዋን አስተካከለች፤ አፍራ ነበር። "የዛሬ ሳምንት ገበያ ወጥቼ የሦስት ትናንሽ ፍራሾች ዋጋ ጠየቅኩ" አለችኝ። "ብርድ ነው ብዬ ብርድ ልብስም አይቻለሁ።"

ሚኒባሱ መጥቶ ሞልቶ ሄደ። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ሆዴን ካየች ትተወኛለች ብዬ የፈራኋት ሴት እጅ በእጄ ውስጥ ነበር።