ከፍ ያለው የአክስቴ ደረጃ

አክስቴን አዝዬ ከቤት ሳወጣ ወገቤ ስንት ጊዜ ተሰብሮ ስንት ጊዜ እንደተገጠመ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አክስቴም አያምኑኝም። «አንተን የሚሰብርህ ምላስህ ነው» ይላሉ፣ እዚያው ጀርባዬ ላይ ሆነው።

ስኳር በሽታ አንድ እግራቸውን ወስዶባቸዋል። ዊልቸር አላቸው፤ ቤት ውስጥ ሲነዱት የአዳማ ባጃጅ ነጂዎች ቢያዩአቸው በእፍረት መንጃ ፈቃዳቸውን ይመልሱ ነበር። ጣጣው በሩ ጋ ነው። ከበሩ ወደ ግቢ የሚያወርዱ ሁለት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉ። እዚያ ሲደርሱ ቆመው እኔን መጠበቅ ነው። እኔ ሥራ ከሄድኩ ቀኑ እዚያው ይመሻል።

ከመጠበቁ ይልቅ የሚያንገበግባቸው መታዘሉ ነበር። «ልቅሶ ቤት በአንተ ጀርባ ስገባ ሰው ለሟቹ ያልቅስ ለእኔ ግራ ይገባዋል! በራሴ ወጥቼ በራሴ ልግባ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ።»

ቀበሌያችን ክረምት ሲመጣ በበጎ ፈቃድ የአረጋውያንን ቤት ያድሳል። ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ኃላፊ ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ጋበዘኝ።

«የአክስቴ ቤት ደረጃ አስቸግሯቸዋል» አልኩት።

«ገባኝ። ዝቅተኛ ነው።»

«ኧረ ከፍተኛ ነው!»

ቀና ብሎ አየኝ። «ከፍተኛ ከሆነማ ምን አመጣዎት ጋሼ? ስንት ደረጃው የወረደ ቤት እያለ!»

«እንዲወርድላቸው ነዋ የመጣሁት!»

«የመንግሥት ሥራ ደረጃ ማሳደግ እንጂ ማውረድ አይደለም» አለኝ፣ ቅር ብሎት።

እግራቸው መቆረጡን፣ ዊልቸር ላይ መሆናቸውን ስነግረው ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተነሥቶ እጄን ጨበጠ። «በቃ ጋሼ፣ ይሂዱ። ደረጃውን ከፍ እናደርግላቸዋለን።» አዝኖ እጅህን ከጨበጠ ሰው ጋር ስለ ቃላት አትከራከርም። አመስግኜ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከነባነራቸው፣ ከነፎቶ አንሺያቸው መጡ። አክስቴን አዝዬ ጎረቤት አስቀመጥኩና ባቱ ከተማ ሥራ ስለነበረኝ ሄድኩ። አመሻሹ ላይ ተመልሼ፣ አክስቴን እንደገና አዝዬ ግቢ ስገባ ቤቱ ሙሽራ መስሏል። ጣሪያው አዲስ፣ ግድግዳው የተቀባ። ሁለቱ ደረጃዎች ደግሞ አራት ሆነዋል።

አብሯቸው ለመጣው ግንበኛ ከኃላፊው የደረሰው ትእዛዝ «የእናታችንን ደረጃ ከፍ አድርግ» የሚል ብቻ ነው። እሱም አዳማ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ጎርፍ ሳያንኳኳ በሚገባበት ሰፈር «ደረጃ ከፍ ይበል» ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

«አዴ፣ እንግዲህ ጎርፍ አይደርስብዎትም!» አለ መዶሻውን እየጠረገ፣ በኩራት።

«ጎርፍማ ቢመጣ ተንሳፍፌ እወጣ ነበር!» አሉ አክስቴ ከጀርባዬ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ደግሞ፣ «አንተ፣ ከዚህ በኋላ ስታዝለኝ ሞጆ ይታየኛል።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አንገቴን የያዘው እጃቸው ላላ፤ «እኔ በራሴ መውጣት ነበር የፈለግሁት» አሉ ቀስ ብለው።

ግንበኛው የጎረቤት ልጅ ከኋላችን ያመጣውን የተጣጠፈ ዊልቸር አየ፣ የገነባውን አየ፣ መዶሻውን ጣለ። «ማል ጎና? ምን ይሻላል?» ብሎ ኃላፊው ጋ ደወለ።

ኃላፊው እየሮጠ መጣ። አራቱን ደረጃዎች ሲያይ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የኑሮ ደረጃ ማለቴ ነው!»

«እኔ ደግሞ የእግር ደረጃ ማለቴ ነበር» አልኩት።

«እናፍርሰው» አለ ግንበኛው።

«ተመርቆ ፎቶ የተነሣ ሥራ እንዴት ይፈርሳል?» አለ ኃላፊው።

በመጨረሻ ከግድግዳው የተራገፈውን የአሮጌ ልስን ፍርስራሽ ደረጃው ላይ ከምረው፣ ላዩን በሲሚንቶ ለስነው፣ ዊልቸር የሚወርድበት ተዳፋት ሊያደርጉት ተስማሙ። ደረጃው ከፍ ስላለ ተዳፋቱ ቀጥ ብሎ እንዳይወርድ መርዘም ነበረበት። ረዘመ። የቃሪያ መደቤን ዋጠ፣ የልብስ ማስጫውን ዋጠ፣ የግቢው በር ላይ ደረሰ። አዳማም የአውሮፕላን መንደርደሪያ አገኘች ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ዊልቸራቸውን ከተዳፋቱ አናት ላይ አቆሙ። እኔ ከኋላ እጄን ዘረጋሁ።

«እጅህን አንሣ!»

አነሣሁ። ጎማውን በሁለት እጃቸው እየያዙ እየለቀቁ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ወረዱ። እስትንፋሴን ይዤ የኖርኩትን ያህል ቆየሁ። የግቢውን በር ራሳቸው ከፈቱ። መንገዱን ግራና ቀኝ አዩና ወደ ቀኝ ታጠፉ።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን አገባህ?» አሉኝ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

ምሳ ሰዓት አለፈ። አልተመለሱም፤ አሁን በሩ ጋ ቆሞ ጠባቂው እኔ ሆንኩ።