ከወረታ እስከ ባሕር በአንድ ትንፋሽ

ደብረ ታቦር ጂኦግራፊ ሳስተምር ስም ያተረፈልኝ ወደ ባሕር የሚወስደው አውራ መንገድ ነበር። ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ ትንፋሽ ያንበለብሉታል፤ ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ገሳይ፣ ነፋስ መውጫ፣ ጋሸና፣ ወልድያ፣ ሚሌ፣ አሰብ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። እኔም አሰብን አጥፍቼ በቦታው ጅቡቲን ጻፍኩና ትምህርቱን አሻሻልኩ ብዬ ኮራሁ።

ራሴ ግን ከነፋስ መውጫ አልፌ አላውቅም። እዚያም የሄድኩት ሠርግ ተጠርቼ ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ባሕሩ ናፍቆኝ አያውቅም። መጠቆሚያ ዱላ ይዞ ካርታ ፊት ለቆመ ሰው ከደብረ ታቦር እስከ ቀይ ባሕር አንድ ክንድ አይሞላም።

አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ የቀድሞ ተማሪዬ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከሳዑዲ ከተመለሰች ጥቂት ሳምንት ሆኗታል። በዘመኗ ከእሷና ከአብሮ አደጓ በቀር አንድም ከተማ ሳይዘል የሚያንበለብል አልነበረም።

«ጓደኛሽስ ደህና ናት?» አልኳት።

«ሚሌን ካለፍን በኋላ በረሃ ቀረች» አለች። «ወደ ሳዑዲ የሚያሻግረን ደላላ ሚሌ ላይ ከመኪና አወረደንና በእግር ሂዱ አለን። በአንቱ ቆጠራ ከሚሌ ቀጥሎ ባሕር ነው። ከገሳይ ነፋስ መውጫ ያህል መስሎን በሶና አንዲት ኮዳ ውኃ ለሁለት ያዝን።»

አፈርኩ። ያፈረ ሰው ዝም ይላል፤ እኔ ግን መጽሐፉን ከሰስኩ። «መጽሐፉ ላይ ያለው ይኸው ነው» አልኳት።

«ለወቀሳ አልመጣሁም» አለች። «ታናሽ እህቴ አሁን አንቱ ዘንድ ነው የምትማር። እንጨት ስትለቅምም ያንኑ ታንበለብላለች። እኔ አትሂጂ ብላት ‘አንቺ ደርሰሽ የለም ወይ?’ ትለኛለች። አንቱን ግን ትሰማለች። እባክዎ፣ በረሃውንም ያስተምሩልኝ።»

በረሃውን አላውቀውም ማለት ከሁሉም ከበደኝ። ግን አልኩት። በማግስቱ ጠመኔውን ለእሷ ሰጥቼ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከታናሽ እህቷ አጠገብ ተቀመጥኩ።

እሷ ዱላም ካርታም አልፈለገችም። ሚሌን ወደ ሰሌዳው ጥግ ገፍታ፣ ቀሪውን ሰሌዳ በሙሉ ለባዶው ተወችው። ስንት ቀን እንደሄዱ፣ የትኛው ጉድጓድ ጨው ጨው እንደሚል፣ ጓደኛዋ ጫማዋን ላውልቅ ብላ የተቀመጠችበትን ድንጋይ፣ ከዚያም እንዳልተነሣች ነገረቻቸው። እኔን ብሎ ኩሩ፣ በተበደርኩት ትምህርት ልቤ ሞላ፤ ታናሽ እህቷስ ተረፈች አልኩ።

ታናሺቱ አጠገቤ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። በእኔ ክፍለ ጊዜ እርሳስ ስታነሣ አይቻት አላውቅም። ደስ ብሎኝ ወደ ደብተሯ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። «ውኃ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ኮዳ» ይላል። ከሥሩ «ፀሐይ ሳትወጣ መነሣት»። ከሥሩ «ከሁለተኛው ጉድጓድ አለመጠጣት»። ጽሕፈቷ ያምራል፣ አንድም ስሕተት የለበትም።

የእህቷ ጓደኛ የቀረችበትን ድንጋይ ግን አልጻፈችውም።