የኋላው ወንበር

አጎቴ ሰርቦ ከተማ ያስተምሩ ነበር፤ ክረምት ከበጋ ከጅማ ይመላለሳሉ። በደርግ ጊዜ አሮጌ ቮልስዋገን ሊገዙ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ሻጩ ስለ ሞተሩ ሲያወራ፣ እሳቸው የጀመረው ዝናብ እስኪበረታ ጠብቀው ከኋላ ገብተው ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ የሚነዱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለ ሻጩ።

«እኔ ቢያፈስብኝ አማርራለሁ። መንገድ ላይ የማሳፍረው ሰው ግን አፍሮ ዝም ይላል።»

ጣሪያውን በመዳፋቸው ዳበሱ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደረቅ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ያን ወንበር ባዶውን አይቼው አላውቅም።

አጎቴን ባለፈው ወር ቀበርናቸው። ትናንት መኪና ልገዛ ሄጄ ዝናብ ጣለ። ሻጩ የፊቱን በር ከፈተልኝ፤ እኔ ግን ከኋላ ገባሁ። ጥግ ይዤ ለአጎቴ ቦታ መልቀቄን ያየሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።