ነጋዴዎቹ በሙሉ ድምፅ ደገፉ

ከድርቁ በኋላ አርብቶ አደሩን መልሶ ለማቋቋም ነገሌ ላይ በተጠራው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። አባቴ ደግሞ ከተጋበዙት አራት ነጋዴዎች አንዱ ነበር። ተጋበዙ ይባል እንጂ ሐሳባቸውን ማን ሊጠይቃቸው! ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እጅ እንዲያወጡ ነው የተጠሩት። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አባቴ ከዳዋ ወንዝ ማዶ ካሉ ከብት አርቢዎች ጋር ሠላሳ ዓመት ነግዷል። የማን መንደር በየትኛው ጉድጓድ እንደሚያጠጣ፣ የማን ቤት ስንት ልጅ እንዳለው በቃሉ ያውቅ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የማይገዛውን ከብት ያውቃል። ቦረና ውስጥ ወንድ ልጅ ተወልዶ እትብቱ ሲቆረጥ አባቱ ጊደር ይሰጠዋል፤ ሃንዱራ ይሏታል። እሷም የምትወልደውም የልጁ ነው፤ አድጎ ጎጆ የሚወጣው በነሱ ነው። ደህና ነጋዴ ሃንዱራ ና ግዛ ቢሉት እንኳ አይገዛም። ጭንቅ ሲመጣ ወይፈኑን ወስዶ እህል ይሰጣል እንጂ ጊደሯን አይነካም።

የኮሚቴው ዕቅድ እንዲህ ነበር። በነጋዴ እጅ ያለው እህል በሙሉ ነገሌ አንድ መጋዘን ይገባል፤ አርብቶ አደሩ ራሱ እየመጣ ተመዝግቦ እህል ይሰፈርለታል፤ ያልተመዘገበ ግን ለመንግሥት ገዢዎች ከብት ሲሸጥ በሚሰጠው ኩፖን ብቻ እህል ያገኛል። ሰብሳቢው አንብቦ እንደጨረሰ አባቴ ተነሳ።

«ዝናቡ ሊገባ ነው» አለ። «ዳዋ ከሞላ ማንም ወደዚህ አይሻገርም፤ የከሳ ከብቱን ጥሎ ለመመዝገብ የሚመጣም የለም። እህሉን አሁኑኑ ማዶ ባሉት ሱቆች እናድርስ። መኪናው የኛ፣ ነዳጁም የኛ። ዋጋውን እናንተ ወስኑ፤ ሰው መድባችሁ ተቆጣጠሩን። ብቻ ሰው ጊደሩን ለመሸጥ አይገደድ።»

ሰብሳቢው ሳቀ። ልጁ ሊሆን የሚችል ሰው አባቴን «አንተ» አለው። «አንተ ያዘንከው ለጊደር ነው ወይስ ለትርፍህ? የነጋዴ ምክር አልጠየቅንም። የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

ሦስቱ አወጡ። አባቴም ቆየት ብሎ አወጣ፤ ባያወጣ ሱቁ እንደሚታሸግ ያውቃል። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ነጋዴዎቹ በሙሉ ድምፅ ደገፉ ብለሽ ያዢ፤ ሌላው ወሬ አያስፈልግም» አለኝ። እንዳለኝ ያዝኩ። አባቴ ከተናገረው አንዲት ቃል እንኳ አልጻፍኩም። በሰብሳቢው እናደዳለሁ፣ በራሴ ግን ይብሳል።

ዝናቡ በሳምንቱ ገባ፤ ዳዋ ሞላ። ከነጋዴዎቹ የተሰበሰበው እህል ሁሉ ነገሌ መጋዘን ተቆልፎበት ሳለ ማዶ ሰው ጦሙን ያድር ጀመር።

ወንዙ ጎደል ሲል የአባቴ ጃላ፣ ማለትም የረጅም ጊዜ ወዳጁ፣ ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዞ መጣ። ከፊቱ አንዲት ቀይ ጊደር ይነዳል። ድርቁ ያስተረፈለት እሷን ብቻ ነው፤ የታናሽ ልጁ ሃንዱራ ናት።

«አካም፣ ናጋ?» አለው አባቴ፤ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው? ማለቱ ነው።

«ናጋ» አለ፤ ፊቱ ግን ናጋ አልነበረም። «ጃላ ኪያ፣ ወዳጄ፣ እህል ስጠኝ። ይቺን የልጁን ከምሸጥ አድነኝ።»

አባቴ የሱቁን መጋዘን ከፍቶ አሳየው። አንድ ጆንያ እንኳ አልነበረም። ለቤታችን ያስቀመጥነውን በቆሎ ሰጠነው፤ ለስምንት ቤተሰቡ ግን ሳምንት አያደርስም። እኔ ወደ መንግሥት መጋዘን ሮጬ ኃላፊውን ለመንኩት። መዝገቡን ገልጦ፣ «ስሙ የለም፤ ምዝገባውም ተዘግቷል» አለኝ። «ደግሞ ጊደር አለችው አይደል? ይሽጣታ!» ሰው እንዴት እንዲህ ይላል?

ሸጣት። የመንግሥት ገዢው ጥርሷን አየና «ጊደር፣ ቀይ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው አንገቷን ዳበስ አድርጎ ገመዱን አስረከበ፤ ከዚያ ዞር ብሎም አላያት። በኩፖኑ ሁለት ኩንታል ሰጡት። የጆንያዎቹ አፍ በቀይ ክር የተሰፋ ነበር። በነገሌ እንዲያ የሚሰፋው አባቴ ብቻ ነው። ሰውዬው አባቴ በነጻ ሊሰጠው ይችል የነበረውን እህል በልጁ ጊደር ለወጠ።

አባቴ አህዮች ፈልጎ ራሱ ጫነለት። ሰውዬው ከዓይናችን ሲሰወር አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ያን ቀን የተናገርኩትን ጽፈሽው ነበር?»

«አልጻፍኩም፣ አባዬ።»

የተረፈውን የጭነት ገመድ ጠቀለለ።

«እንግዲያ ጊደሯ የት እንደሄደች ልጁ ሲጠይቅ፣ ሄደሽ አንቺ ንገሪው» አለኝ።

አልሄድኩም።