ጓደኛዬ «የወጣት ደም» የተባለለት ዕለት

«ጋሽ ሑሴን፣ የእርስዎ የወጣት ደም ነው። የጋሼ ግን ትንሽ ያሳስባል።»

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ እዚሁ አዳማ፣ በአንድ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ ስምንት ሰው ተቀምጦ እየሰማ የተነገረው ቃል ይህ ነው። እዚያው ቆሜ ስልኬ ላይ ስለጻፍኩት ከስሙ በቀር አንድም ፊደል አልለወጥኩም። «ጋሼ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ተናጋሪዋ ውጤት የምታድለው ልጅ ናት። ሥራዋ ወረቀቱን ሰጥታ ወደ ሐኪሙ መምራት እንጂ ሁለት ሰው አቁሞ ማወዳደር አልነበረም። ስለ እሷ ለሥራ አስኪያጁ ለብቻው እጽፋለሁ።

ሑሴን የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ ታሪኩን ግን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። እኔ መሐንዲስ ነኝ። አብረን እንመርመር ያልኩትም እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር... የወሰድኩት እንዲደነግጥ ነበር።

እኔ በየማለዳው አምስት ኪሎ ሜትር እራመዳለሁ። ለስላሳ አልጠጣም። በጾሙ ምክንያት የዓመቱን ግማሽ ቅቤ አልቀምስም። ሑሴን ከቤቱ ሱቁ የሚሄደው በባጃጅ ነው፤ ሱቁ ደግሞ ከቤቱ በር ላይ ሆኖ ይታያል። ሶደሬ ስንሄድ እኔ ስዋኝ እሱ እግሩን ፍል ውሃው ውስጥ ነክሮ ጥብስ ያዛል።

ወረቀቴን ተቀበልኩ። በአንድ በኩል የእኔ ቁጥር፣ በሌላው በኩል የጤናማ ሰው መጠን ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። ከመጠኑ ካለፈው ቁጥር አጠገብ ምልክት ይደረጋል። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከመቶ በታች መሆን ነበረበት፤ የእኔ መቶ ሠላሳ አንድ ነው። ኮሌስትሮሌም ምልክት አለበት።

የሑሴንን ወረቀት ከእጁ ወሰድኩ። ስኳር ዘጠና አራት። ኮሌስትሮል በመጠኑ ውስጥ። ከላይ እስከ ታች አንድ ምልክት የለም... ዓመቱን ሙሉ ያጠናሁትን ፈተና ደብተር ገልጦ የማያውቅ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ የደፈነው መሰለኝ።

ሐኪሙ ለየብቻ አስገባን። ለእኔ፣ አንድ ልኬት ብቻውን በሽታ እንደማይባል፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳይ ሌላ የስኳር ምርመራ እንደሚያስፈልገኝ አስረድቶ ማዘዣ ጻፈልኝ። እሱም ከፍ ካለ መድኃኒት ልጀምር እንደምችል ነገረኝ። ሑሴን ሲገባ በሩ ተዘግቶ ከእኔ ሁለት እጥፍ ቆየ። እየተመሰገነ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ቁርስ ቤት ገባን። ሑሴን ጨጨብሳ በቅቤና በማር፣ አንድ ሳህን ለሁለት አዘዘ። እኔ እንደ ልማዴ ጥቂት ብቻ እንደምቀምስ ተናገርኩ።

«ኢንጂነር፣ ፊትህ እኮ የፈረሰ ግንብ መሰለ» አለኝ። «ና እስቲ፣ ወጣት ያጉርስህ።»

ጎረስኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ወይ ላቦራቶሪው ተሳስቷል፣ ወይ ጤና በልፋት አይገኝም፤ በየትኛውም ቢሆን ሁለተኛውን ምርመራ አላሠራም፣ ክኒንም አልውጥም፣ ከነገ ጀምሮ መራመዱም ይቅርብኝ አልኩት። ማዘዣውን አጥፌ የሻይ ብርጭቆዬ ሥር አደረግኩት። ሲርስ እያየሁ ተውኩት።

ሑሴን መሳቁን ተወ። ዙሪያውን ቃኘ። ከሸሚዝ ኪሱ ግማሹ ያለቀ የክኒን እሽግ አውጥቶ ማሩ አጠገብ አስቀመጠው።

«አራት ዓመት» አለ። «ይሄን ከምግብ ጋር ነው የምውጠው። ማታ ደግሞ የኮሌስትሮሉ አለ። ያየኸው ቁጥር የእኔ አይደለም ወንድሜ... የዚህ ነው።»

ሐኪሙ ጋ የቆየውም ለዚህ ነበር። መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ተጠይቆ ሁሉንም ተናግሯል። ሐኪሙም ቁጥሩ ያማረው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው፣ ድኛለሁ ብሎ ካቋረጠ ተመልሶ ይወጣል ብሎታል። ወረቀቱ ላይ ግን ይህ አይጻፍም። ወረቀቱ ላይ ያለው ዘጠና አራት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሳህኑን አየሁት። በእኔ በኩል ባዶ ነው። በእሱ በኩል ጨጨብሳው አልተነካም ማለት ይቻላል። ሻዩን ሲያማስል ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ በቅርቡ ስኳር ሲጨምር ማየቴን ግን ማስታወስ አቃተኝ። ከአንድ ሳህን ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም። እሱ እያጫወተ ያጎርሰኛል፣ እኔ እየተከራከርኩ እውጣለሁ። እርምጃዬን እቆጥራለሁ፣ የእንቅልፍ ሰዓቴን እቆጥራለሁ... ጉርሻ ግን ቆጥሬ አላውቅም።

ሌላ ማን እንደሚያውቅ ጠየቅኩት። ሚስቱ፣ ትልቋ ልጁ... ትንሽ አመነታና የእኔንም ባለቤት ጨመረ። ሚስቱ ነግራታለች። አራት ዓመት ሙሉ እቤቴ ውስጥ የሚታወቅ ነገር እኔ አላወቅኩም ማለት ነው።

«ለአንተ ብነግርህ ሰንጠረዥ አስምረህ በየቀኑ ታስፈርመኝ ነበር» አለኝ።

ይህ ቀልድ ነው፤ ምክንያት አይደለም።

ማዘዣውን ከብርጭቆው ሥር አውጥቼ በሶፍት አደረቅኩት። ሐሙስ ለሁለተኛው ምርመራ ደም ሰጠሁ። ውጤቱን ሰኞ እቀበላለሁ፤ ክኒን ከታዘዘልኝም እውጣለሁ። በሑሴን ደም መቅናቴን ትቻለሁ። አሁን የሚያስቀኑኝ ከእኔ ቀድመው ያወቁት ሦስት ሴቶች ናቸው።

ሑሴን፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ሚስቴ የሰማችውን እኔ ለምን እንዳልሰማሁ፣ ቀልዱን ትተህ፣ እስከ ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ መልስ ስጠኝ። በስልክ አልቀበልም፤ በስልክ ታስቀኛለህ።