ጾም ነው አልኋቸው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኋቸውም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዝም ስል ኖርሁ። አሁን ለማታውቀኝ ለአንተ ለአንባቢው እነግርሃለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ፈትል ክፍል እሠራ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ወንድሜን ከቤታችን አስወሰደው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እግሩ ላይ ወድቀው ለመኑት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የበላይ አካል ነው» አላቸው። ወንድሜ አልተመለሰም፤ ሬሳውንም አላገኘን። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፤ ያ ሰው ስለ ልጁ ሲያለቅስ ማየት።

ልጁ ሰናይት እኛው ክፍል ተቀጠረች። አባቷ ያደረገብንን አታውቅም። እኔን ወደደችኝ፤ «እታለም» ትለኝ ነበር።

በሁዳዴ ከእኛ ጋር ምሳ መቅረብ ተወች። ጾሙን ያጠበቀች መሰለን። ፋሲካ አለፈ፤ አሁንም አትበላም። አንድ ቀን የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ተከተልኋት። ደንገሉ አጠገብ ቆማ እንጀራውን እየቆረሰች ለዓሣ ትጥላለች። ስታየኝ አለቀሰች።

«እታለም፣ ምግብ ያስፈራኛል» አለችኝ። «ርቦኝም እጄ አልዘረጋ ይለኛል። የበላሁ እንደሆን ራሴን እጠላዋለሁ። ምን ሆኜ ነው?»

ገባኝ። ስሙን ባላውቀውም ሕመም እንደሆነ ገባኝ። ታዲያ ምን አልሁ? ሐኪም ዘንድ እንሂድ አልሁ? አላልሁም። «መቅጠኑ አምሮብሻል» አልኋት። እኔ ነኝ ያልኋት። ፈገግ ብዬ ነው ያልኋት።

እናቷ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አግኝተውኝ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ ምን ሆነችብኝ? የመሪጌታ ልጅ ነሽ፣ አትዋሺኝም።»

«ጾም ነው» አልኋቸው። «ስለት አለባትና አይጫኗት።»

አመኑኝ። በአባቴ ስም አመኑኝ። እኒያ እናት ምን በድለውኛል? ልጅቱስ? ራሴን ሳልጠይቅ ቀርቼ አይደለም። ጠይቄ፣ መልሱንም አውቄ ነው ያደረግሁት። ፊቷ በየሳምንቱ ሲከሳ እያየሁ፣ «ይድረሰው፣ እሱም ቤት ይድረሰው» እል ነበር።

ክረምት ሲገባ ሰናይት ሥራ ላይ እንዳለች ወደቀች። ሆስፒታል ሄድሁ። አባትየው ሽጉጡን እንደታጠቀ ግድግዳ ተደግፎ ይንሰቀሰቃል። ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ወጣቱ ሐኪም ከክፍሏ ወጣና «መርምረን ምክንያቱን አላገኘንም። ስለ አበላሏ የሚያውቅ አለ?» አለ። እናቷ «ጾም ላይ ናት፤ ይቺ ነግራኛለች» ብለው ወደ እኔ አመለከቱ።

«እኅቴ፣ እውነት ጾም ነው?» አለኝ። «ካልሆነ ሳናውቅ ልትሞትብን ነው።»

እውነቱን ልንገርህ አንባቢዬ፣ ዝም ልል ነበር። ብትሞት አባቷ የሚቀብረው ሬሳ አለው፤ እኛ የለንም፤ ብዬ አሰብሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሰናይት ሰማችን።

«እታለም፣ ንገሪው» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። «እኔ አፈርሁ። አንቺ ንገሪውና ይርዳኝ።»

ነገርሁት። ፍርሃቷን፣ የምትጥለውን ምሳ፣ ሁሉንም። የእኔን ውሸት ብቻ አልነገርሁትም። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ይህ ጥጋብም ኃጢአትም አይደለም» አላት። «ሕመም ነው፤ ይታከማል። ብቻሽን ግን አትወጭውም።» አገግማ መቀመጥ ስትችል አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ላካት። ሕክምናው ረጅም ነበር። ተሻላት ሲባል ደግሞ አገረሸባት፤ እንደገና ሄደች። በኋላ ከሰው ጋር ማዕድ ቀረበች።

ዛሬ የልጆች እናት ናት። ቤቴ በመጣች ቁጥር «ያተረፈችኝ ይቺ ናት» ትላቸዋለች። ልጆቹ ጉልበቴን ይስማሉ። እኔም እመርቃቸዋለሁ።

አባቷ ሲሞት ለቅሶው አልደረስሁም። አልጸጸትም። አሁንም ይቅር አላልሁትም፤ ስሙ ሲነሳ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ሰናይት ግን፣ ይህን ካነበብሽ፣ ወንድሜን ምክንያት አድርጊልኝ አልልሽም። ይቅር በይኝም ለማለት አፍ የለኝም። አንቺ ምንም አልበደልሽኝም ነበር። ያን ጊዜም አውቀው ነበር።